የጨረስኳቸውና ሳልጨርስ የመለስኳቸው መጻሕፍት



የዚህ እትም አዘጋጆች ስለ ቤተ መጻሕፍታችን አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ ንባብ ጥቅም መጻፍ ነበር። ጀምሬውም ነበር። ግማሽ ገጽ ያህል ከሄድኩ በኋላ ራሴን እንቅልፍ ሲጥለኝ ጊዜ ቀደድኩት። የንባብን ጥቅም የማያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ገዝቶ አያነብም… ይቅርታ፣ በነጻ ነው ለካ የሚታደለው! ብቻ እንደዚያ ዓይነቱን ነገር ሁላችንም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እያየነው እናልፋለን። ስለዚህ ጎረቤቶቼ ከኋላዬ የሚያሙኝን ነገር ራሴ ላወራው ቆረጥኩ። መጽሐፍ አማርጣለሁ፤ ጀምሬም እተዋለሁ።

የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ ከደቡብ ሱዳን የመጣ ወጣት ነው። እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እየቀላቀልን እንግባባለን። አንድ ቀን መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «ማማ፣ አንቺ እኮ ወስደሽ በሦስተኛው ቀን ትመልሻለሽ። ታነቢዋለሽ ወይስ ነፋስ እንዲያገኘው ብቻ ነው የምታወጪው?» አለኝ። ሳቅሁ እንጂ አልመለስኩለትም። ቤት ስገባ ግን ደብተሬን አወጣሁ። የተዋስኩትን መጽሐፍ ሁሉ የምጽፍባት ደብተር አለችኝ፤ አስተማሪ የነበረ ሰው መዝገብ ካልያዘ እጁ ያሳክከዋል። ብቆጥር ከዘመን መለወጫ ወዲህ 10 መጻሕፍት ወስጃለሁ። 5ቱን ጨርሻለሁ፣ 4ቱን ትቻለሁ፣ አንዱ ደግሞ ከየትኛውም ወገን አይደለም።

መተው የሚፈቀደው መቼ ነው? ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ናንሲ ፐርል የምትባል ስመ ጥር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አለች። እሷ አንድ ደንብ አውጥታለች። ዕድሜህ 50 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 50 ገጽ አንብብ፤ ካልጣመህ ተወው። ከ50 በላይ ከሆንክ ግን ዕድሜህን ከ100 ቀንስ፤ የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ነው ዕዳህ። ሰው ሲያረጅ የሚያባክነው ጊዜ የለውማ! እኔ 56 ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ 44 ገጽ አለብኝ። ጎረቤቴ ጋሼ 71 ናቸው። «29 ገጽ ይበቃዎታል» ብላቸው፣ «እኔማ የመጀመሪያውን ገጽ አሽትቼ ነው የማውቀው» አሉኝ።

ይህ ነገር ነውር የሚመስለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስናድግ የተነገረን እንዲያ ነው፤ የቀረበልህን ጥርግ አድርገህ ብላ፣ የጀመርከውን ጨርስ። እዚህ ካኩማ ደግሞ የሚሰጠንን መቀበል ሙያችን ሆኗል። ማሽላ ሲመጣ ማሽላ፣ ሩዝ ሲመጣ ሩዝ፣ ሲቀነስም ተቀንሶ። ብሎካችንን አልመረጥንም፤ ቃለ መጠይቅ የምንጠራበትን ቀን አንመርጥም። ታዲያ መደርደሪያ ፊት ቆሜ «ይሄን አልፈልግም» ማለት ስችል ለምን ይለፈኝ? እዚህ በኖርኩባቸው 14 ዓመታት ውስጥ አልፈልግም ብዬ መልሼ ማንም ያልተቆጣኝ ነገር ቢኖር መጽሐፍ ብቻ ነው።

በሉ ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም።

ከባሕር ማዶ በካርቶን ከመጣው እርዳታ ውስጥ ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ያሉት ሁሉም አንድ ናቸው። ከደመወዝህ አሥር በመቶውን ለይተህ አስቀምጥ ይላል። የትኛውን ደመወዝ? ልጄ በኢንሴንቲቭ ነው የምትሠራው። ከዚያች ላይ አሥር በመቶ ለይታ ብታጠራቅም በስተርጅናዋ አንዲት ፍየል ትገዛ ይሆናል። ስለ ቤት መግዣ ብድር ማውራት ሲጀምር ደንቡ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቅኩም፤ በ19ኛው ገጽ ዘጋሁት።

ሁለተኛው የመርማሪ ታሪክ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄኛውን እኔ አልተውኩትም፤ እሱ ነው የተወኝ። ገዳዩ ሊታወቅ ሲል የመጨረሻዎቹን ገጾች ምስጥ በልቷቸዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ስጠረጥር ከርሜ፣ ገዳዩ ሐኪሙ ነው ብዬ ፋይሉን ዘግቼዋለሁ። የምስጡ ነገር ግን የሚያስቅ አይደለም። የታችኛው መደርደሪያ መጻሕፍት ከውጭ ሲያዩዋቸው ደህና ይመስላሉ፤ ሲከፍቷቸው ውስጣቸው አፈር ነው። የሚመለከታችሁ ክፍሎች፣ እባካችሁ ያንን መደርደሪያ ከመሬት ከፍ አድርጉልን።

ዴርቶጋዳን በመተዌ የሰፈሩ ወጣቶች እስከ ዛሬ ይቅር አላሉኝም። የይስማዕከ ወርቁ መጽሐፍ ነው፤ በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ አገር ቤት እንደ ጉድ የተነበበ። እዚህም ያለችን አንዲት ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ሽፋኗ ረግፎ በዘይት ካርቶን ተለብዳለች። የጣና ገዳማት አሉበት፣ ምሥጢር አለበት፣ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት አሉበት፣ ስለላ አለበት። ልጆቹ በአንድ ሌሊት ይጨርሱታል። እኔ ግን ከሰዎቹ ጋር አብሬ ሮጬ ሮጬ ትንፋሼ አለቀና ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ዋናው ነገር እኮ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው!» አለኝ አንዱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን መመስከር አለብኝ። እዚህ የተወለዱና በሕፃንነታቸው የመጡ ልጆቻችን የሚማሩት በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። ፊደል የሚያውቁት እናት ወይም አባት ማታ ማታ ካስቆጠራቸው ነው። የእህቴ ልጅ አማርኛ የሚያነበው በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ዴርቶጋዳ ነው። እኔ ብተወው ምን ይጎድልበታል?

አራተኛውን መተዌ ግን ያሳፍረኛል። የኬንያው ታላቅ ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ሲያርፍ ሬዲዮው ሁሉ ስለ እሱ ያወራ ነበር። እኔም ሰው ሲሞት ነው የማነበው ማለት ነው ብዬ ራሴን ታዘብኩና፣ በአማርኛ «ሰይጣን በመስቀል ላይ» ልንለው የምንችለውን መጽሐፉን ወሰድኩ። አጻጻፉ ራሱ ታሪክ ነው። ንጉጊ እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ ያለ ፍርድ ታስሮ አንድ ዓመት ያህል በካሚቲ እስር ቤት ቆይቷል። ይህን ልብ ወለድ የጻፈው እዚያው፣ ለእስረኛ በሚታደለው የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ፣ በእናቱ ቋንቋ በኪኩዩ ነው። ይህን እያወቁ መጽሐፉን መተው ከባድ ነው። ግን ምን ላድርግ? መጽሐፉ ውስጥ ሌቦችና ዘራፊዎች የሚወዳደሩበት ድግስ አለ። እያንዳንዱ ተነሥቶ ሕዝቡን እንዴት እንደዘረፈ ይፎክራል። የመጀመሪያው ሌባ አሳቀኝ። ሁለተኛውም አሳቀኝ። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ልክ እንደ እውነተኞቹ ሌቦች ሆኑብኝ፤ ማለቂያ የላቸውም። ድግሱ ሳያበቃ ወጣሁ። ልመለስበት አስቤያለሁ፤ ደብተሬ ላይ ከስሙ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ።

የእስር ቤት ወረቀት ከተነሣ አይቀር፣ የኛም አለን። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው። እየጻፈ፣ በድብቅ እያስወጣ፣ በኋላ ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የኛ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ከናይሮቢ፣ ከኢስሊ፣ በአንድ ወንድማችን ሻንጣ የመጣች ናት። ትንሽ ፊደል፣ ብዙ ገጽ፣ የምታነቡት ደግሞ በሶላር መብራት! ዓይኔ ሲደክም ያቺን የሲጋራ ወረቀት እያሰብኩ እቀጥላለሁ።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣ ነው፤ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት። ስካርሌት የምትባለው ሴት ከሚቃጠል ከተማ ሸሽታ ቤቷ ስትገባ እናቷ ሞታ፣ አባቷ አእምሮውን ስቶ፣ ጎተራው ተዘርፎ ታገኘዋለች። ኋላ ለግብር የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ስትሄድ ድህነቷ እንዳይታወቅባት ከመጋረጃ ቀሚስ ታሰፋለች። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። እኛ ከእርዳታ ብርድ ልብስ ካፖርት ሰፍተን ቃለ መጠይቅ ሄደን የለም እንዴ? ሴትዮዋን ግን አልወደድኳትም። መጽሐፉንም በንዴት ነው ያነበብኩት። ባሪያዎቹን የጌቶቻቸው ቤት የተመቻቸው፣ ነጻነት ሲመጣ ግራ የገባቸው አድርጋ ነው የጻፈቻቸው። ባርነት ያቆመውን ኑሮ እንደ ጠፋ ገነት ታለቅስለታለች። አፍሪካዊ ሆኖ ይህን እያነበበ ደሙ የማይፈላ የለም። ደብተሬ ላይ «ባሪያዎቹ ቢጽፉት ኖሮስ?» ብዬ ጽፌያለሁ። ጨረስኩት ግን። ተናዶ መጨረስ አሰልቺ ነው ብሎ ከመተው ይሻላል።

ኦሮማይን ከኤርትራ ከመጣች ጎረቤቴ ጋር እየተቀባበልን ነው ያነበብነው። የበዓሉ ግርማ የመጨረሻ መጽሐፍ ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ታሪኩ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ላይ ነው። ጎረቤቴ ስትመልስልኝ፣ «አስመራን በደንብ ነው የጻፋት» አለችና ዝም አለች። ቡና እያፈላሁ ስለነበር እኔም ዝም አልኩ። ሦስተኛውን ስኒ ከጠጣን በኋላ ስለ ልጆቿ ትምህርት ቤት አወራን።

ፍቅር እስከ መቃብርን አሁን ሳነብ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። በነገራችን ላይ፣ ሰው ሁሉ አንብቤዋለሁ ይላል እንጂ አብዛኛው በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው የሰማ ነው። በዚያ ድምፅ የሰማ ሰው ባያነብም አልፈርድበትም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በ20 ዓመቴ ሰብለንና በዛብህን እየተከታተልኩ የጉዱ ካሣን ረጃጅም ንግግሮች እዘል ነበር። አሁን ሁለቱ ፍቅረኞች ሲተቃቀፉ ዘልዬ ጉዱ ካሣ ጋ እደርሳለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ አንድም ፊደል አልተለወጠም፤ የምዘለው ገጽ ነው የተለወጠው።

ከየትኛውም ወገን አይደለም ያልኩት የዴቪድ ወርነር የሕክምና መጽሐፍ ነው፤ ሐኪም በሌለበት ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳው። ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው የለም። ሌሊት ሕፃን ሲያተኩሰው ይከፈታል፣ ሲሻለው ይዘጋል። ስለ ተቅማጥ የሚያወራው ገጽ በጣት አሻራ ጠቁሯል፤ የስንት እናት አሻራ እንደሆነ ማን ያውቃል።

አሁን ወደ ሁለቱ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለነሱ ስል ነው።

አብዱልራዛቅ ጉርናህ የዛንዚባር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ገና በወጣትነቱ አገሩን ለቆ እንግሊዝ ገባ፤ በ2021 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጠው። «ባይ ዘ ሲ» የተባለው መጽሐፉ በ2001 የወጣ ነው፤ «በባሕር አጠገብ» እንደማለት። የሚጀምረው አንድ ሽማግሌ ለንደን አጠገብ ካለ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ነው። የያዘው ፓስፖርት የሌላ ሰው ስም ያለበት ነው። እንግሊዝኛ ያውቃል፣ ግን እንደማያውቅ ሆኖ ዝም ይላል፤ ጥገኝነት እንደሚፈልግ ብቻ ነው የሚያስረዳው። ሻንጣው ውስጥ ትንሽ ሣጥን ዕጣን አለችው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ታሪኩ ሳይነገረው ይገባዋል። የሚመረምረው ሹም ራሱም የስደተኛ ልጅ ነው። ሻንጣውን እያንዳንዱን ዕቃ እያወጣ ይበረብራል፤ ዕጣኑን ሲያሸት ይወደዋል። ከዚያ ይወስድበታል። በቃ ይወስድበታል። ሽማግሌው ዝም ይላል፤ እንግሊዝኛ አያውቅማ!

ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም የተወሰደብኝ ነገር አለ፤ ዕጣን አይደለም እንጂ። የትና በማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ያኔ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኝ ነበር። ይህ ሽማግሌ ዝም ሲል ሳይ ግን ሞኝ አልመሰለኝም። ዝም የሚለው ቆጥሮ፣ አስልቶ ነው። ስለ ራሴ እንደዚያ አስቤ አላውቅም ነበር።

አማራጭ ነኝ ብያለሁና ጉድለቱንም ልናገር። መሐሉ ላይ የሁለት ቤተሰብ የቤት ክርክር አለ። ውል፣ ብድር፣ ዕዳ፣ የቤት ዕቃ… ማን ማንን እንዳታለለ ለማወቅ ወደ ኋላ እየተመለስኩ በእርሳስ ዝርዝር ያዝኩ። ከዚያ ግን ለካ የማውቀው ነገር ነው፤ የኛም አገር ሰው በቤት ውርስ ምክንያት ሠላሳ ዓመት ይኳረፍ የለ? በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። የሶላሩ ቻርጅ አልቆ የመጨረሻዋን ምዕራፍ ያነበብኩት በስልክ መብራት ነው።

የመጨረሻው ስለ ራሳችን ካምፕ የተጻፈ ነው። «ዋት ኢዝ ዘ ዋት» ይባላል፤ «ምንድን ነው ምኑ» እንደማለት ነው። ስሙ የመጣው ከዲንቃዎች የጥንት ተረት ነው። ፈጣሪ ለመጀመሪያው ሰው ላምን ወይም ያልታወቀውን «ምን» እንዲመርጥ አቀረበለት፤ ሰውየው ላሟን መረጠ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። የተጻፈው በአሜሪካዊው ዴቭ ኤገርስ ነው፤ ታሪኩ ግን የቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ ነው። ቫለንቲኖ በልጅነቱ ደቡብ ሱዳን ከምትገኘው ማሪያል ባይ በጦርነት ተባሮ በእግሩ ኢትዮጵያ የገባ፣ ከዚያም እዚሁ ካኩማ አሥር ዓመት ያህል የኖረ፣ በ2001 ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው። ከመጽሐፉ በተገኘው ገቢ ማሪያል ባይ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሠርቷል።

ስጀምር ብዙ ሰበብ ፈልጌበት ነበር። አንደኛ፣ የሌላውን ሰው ሕይወት «እኔ» እያሉ መጻፍ ደስ አይለኝም፤ የትኛው የቫለንቲኖ፣ የትኛው የደራሲው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ቫለንቲኖ ራሱ መግቢያው ላይ ያኔ ሕፃን ስለነበር ብዙው እንደገና የተቀረጸ ነው፣ ስለዚህም ልብ ወለድ አልነው ይላል። እሺ። ሁለተኛ፣ ስለ ካኩማ ሲጽፍ ቦታ አይደለም ይለናል፣ የትም ያልሆነ ነገር ያደርገዋል። የልጅ ልጄ እዚህ ነው የተወለደው። ጥርሱን እዚህ አብቅሏል፣ የት ጥላ እንዳለ፣ የትኛዋ ቧንቧ ቀድማ እንደምትከፈት ያውቃል። ለሱ ቦታ ነው።

እንዲህ እየተከራከርኩ መጽሐፉ መሐል ግድም ደረስኩ። ልጆቹ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ጋምቤላ ውስጥ፣ ፒኙዶ፣ እኛ ፉኝዶ የምንለው። የደርግ መንግሥት የሱዳንን አማፅያን ይደግፍ ስለነበር ካምፕ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ትምህርት ጀምረው ነበር። እንግዳ ተቀባይነታችንን እያነበብኩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ ግንቦት 1983 ይመጣል። መንግሥት ይወድቃል፣ ካምፑ ይነቀላል፣ ሁሉም ወደ ጊሎ ወንዝ ይሸሻል። ወንዙ ሞልቷል። ከኋላ ኢትዮጵያውያን ታጣቂዎች ይተኩሳሉ። ግማሹ ይሰምጣል፣ ግማሹን አዞ ይወስደዋል። በዚያ መሐል አንዲት መሣሪያ የያዘች ኢትዮጵያዊት ሴት ቆማለች። ልጆቹን እናታችሁ ነኝ እያለች ትጠራቸዋለች። ሁለት ልጆች አምነው ወደ እሷ ይሮጣሉ። ትተኩስባቸዋለች።

መጽሐፉን ዘጋሁት። 44 ገጽ ካለፈ ቆይቷል፤ ደንቡ አይከለክለኝም። ገጿን አጥፌ በማግስቱ መለስኩት። ደብተሬ ላይ «ተትቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ግን ምንም አልጻፍኩም። የገንዘቡን መጽሐፍ ከተውኩበት ረድፍ በታች ነው የገባው። ይሄ አላስቻለኝም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. እኔ 21 ዓመቴ ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ ላይ ስለሆነው ነገር ሬዲዮ ላይ ተጥደን ነው የከረምነው። ከዚያ ዓመት ቀን በቀን የማስታውሰው ነገር አለኝ። ስለ ጊሎ አንድም ቃል አልሰማሁም። ከዚያ በኋላም በቆምኩባቸው የክፍል ሰሌዳዎች ላይ የጋምቤላን ወንዞች ለተማሪ አስጽፌያለሁ፦ ባሮ፣ አኮቦ፣ ጊሎ። ጊሎ ማለት ለኔ የፈተና መልስ ነበር።

ሳምንት ያህል ቆየሁ። ከደቡብ ሱዳን የመጡ እናቶች ቧንቧ ላይ አብረውኝ ይሰለፋሉ፤ ጀሪካን እንቀባበላለን። ዕድሜያቸውን በልቤ ማስላት ጀመርኩ። ይቺ ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር? ይሄስ? ለማንም ምንም አላልኩም። በስምንተኛው ቀን ሄጄ መጽሐፉን መልሼ ጠየቅኩ። ልጁ መዝገቡን አየና፣ «ይሄን መልሰሽው ነበር እኮ» አለ። «ወንዙ ጋ ደርሼ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። እሱ ራሱ ያኔ አልተወለደም። «አጎቴ ያንን ወንዝ ተሻግሮታል» አለኝ፣ ቀኑን እየጻፈ። ሌላ ነገር አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መጽሐፉን ሲሰጠኝ እንደ ወትሮው በአንድ እጁ ወርውሮ አልነበረም።

ከወንዙ በኋላ ያለው በረሃ ነው፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. 1992 እና ካኩማ ገና ሲቆረቆር። እንዴት እንደነበር ያወቅኩት ከዚህ መጽሐፍ ነው፤ እኔ ስመጣ ቤቱም መንገዱም ተሠርቶ ነው የጠበቀኝ። ወደ መጨረሻው ደግሞ ቫለንቲኖ ተፈቅዶለት ናይሮቢ ሄዶ ወደ አሜሪካ ሊበር የተዘጋጀው ስንት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው? ሴፕቴምበር 11፣ 2001። በረራው ተሰረዘ። እዚህ ስደርስ በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞችን ቅበላ ሲያቆም ሻንጣቸውን አስረው የቀሩትን ሰዎቻችንን አሰብኩ። ቫለንቲኖ በኋላ ሄዷል። መጽሐፉ የሚጀምረው እንዲያውም አትላንታ ውስጥ፣ እቤቱ ገብተው ሲዘርፉትና ሲያስሩት ነው፤ አሜሪካ ገባ ማለት መከራው አበቃ ለሚሉ ሁሉ ያንን የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ ባነበብኩላቸው ያሰኘኛል።

ጨረስኩት። ደብተሬ ላይ «ተትቷል» የሚለውን ሰርዤ ቀኑን ጻፍኩ። መልሼ ስሰጠው ልጁ፣ «አሁንስ ምን ትወስጃለሽ?» አለኝ። የንጉጊን መልሰህ ስጠኝ፣ ሌቦቹን ልታገሣቸው አልኩት። አሁን ሦስተኛው ሌባ ላይ ነኝ።

የቫለንቲኖ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አለ፤ በስተግራ፣ ከላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ ምስጥ የማይደርስበት። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም። መሐሉ ላይ አንዲት ገጽ ታጥፋ ታገኛላችሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ደንብ ገጽ ማጠፍ ይከለክላል፤ ያጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ።